ያልተጻፈው ሰዓት፦ የሶፍትዌር መስፈርት ሰነድ ታሪክና ትምህርቱ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ



የማነሣው ርእስ ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል። በየክፍላችን «ሪኳየርመንት» እያልን የምንጠራው፣ አንድ ሶፍትዌር ምን እንዲሠራና በምን ሁኔታ እንዲሠራ እንደሚፈለግ የሚገልጸው ጽሑፍ እንዴት ተወልዶ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ልተርክላችሁ ነው። እኔ «መስፈርት» እለዋለሁ። ቃሉ «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። እህል የሚሰፍርና የሚያሰፍር ሁለት ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው በመስፈሪያው መስማማት አለባቸው። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና የሚለይ ከሆነ፣ «አምስት ቁና» የሚለው ቃል ለሁለቱም አንድ ነገር አይነግራቸውም።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ባልናገር ኖሮ «1999» ባልኩ ቁጥር ከእናንተ ከፊሉ የሚያስበው የእኛን ሚሌኒየም ዋዜማ ዓመት በሆነ ነበር። ይህችን ትንሽ ማሳሰቢያ በልባችሁ ያዙልኝ፤ የንግግሬ ፍሬ ነገር ከእርሷ ብዙም አይርቅም።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ፣ ለአንድ የጤና ተቋም የቀጠሮ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ከሠራን ጥቂት ባለሙያዎች አንዱ ነበርኩ። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኛ ነበርና። የመስፈርት ሰነዳችን በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ማውጫና ሥዕላዊ መግለጫ ተሟልቶለት፣ በጥሩ ሽፋን ተጠርዞ ቀረበ። ስለ ቀጠሮ በሚናገረው ክፍል ውስጥ «ሥርዓቱ የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት በወረቀት ላይ ያትማል» የሚል ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ነበረበት። እነርሱም እኛም ፈረምንበት።

ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቆመው አገኘኋቸው። ከገጠር የመጡ ነበሩ። ሠራተኛው «እማማ፣ ሐኪሙ እኮ ወጥተዋል፤ ቀጠሮዎ ጠዋት ነበር» ይላቸዋል። እርሳቸውም የታጠፈውን ወረቀት ዘርግተው፣ «እኔስ ማንበብ አልችልም ልጄ፤ ያነበበልኝ ልጅ ግን ዘጠኝ ሰዓት ነው አለኝ። ይኸው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ» ይላሉ። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። «9:00» ይላል። ለኮምፒውተሩ ይህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ለእርሳቸውና ለልጁ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በመካከሉ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። የሚቀጥለው ክፍት ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር።

ያን ዕለት ሌሊት ሰነዳችንን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አንድም ሐሰት አላገኘሁበትም። ኮዱም የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ ማንም አልጻፈም። የተቋሙ ሠራተኞች ያልጻፉት ግልጽ ስለ መሰላቸው ነው፤ እኛም ያልጠየቅነው ግልጽ ስለ መሰለን ነው። ነገሩ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር፤ ነገር ግን በሁለት የተለያየ መንገድ። የመስፈርት ሰነድን ታሪክ ማጥናት የጀመርኩት ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው።

ሰነዱ ከየት መጣ

በጥቅምት ወር 1968 በምዕራብ ጀርመን ጋርሚሽ በተባለች ከተማ፣ በኔቶ የሳይንስ ኮሚቴ አስተባባሪነት፣ ሃምሳ ያህል ባለሙያዎች ተሰበሰቡ። የጉባኤው ርእስ «የሶፍትዌር ምሕንድስና» የሚል ነበር። ስያሜው ሆን ተብሎ ለመቆስቆስ የተመረጠ ነበር፤ ሶፍትዌር ገና ምሕንድስና ለመባል አልበቃምና። ኮምፒውተሮች እየገዘፉ፣ የሚታዘዙት ፕሮግራሞችም እየተወሳሰቡ ሲሄዱ፣ ሥራው ከተያዘለት ጊዜና ገንዘብ በላይ መውሰዱ የተለመደ ሆኖ ነበር። ፒተር ናውርና ብራያን ራንዴል ያሰናዱትን የጉባኤውን ዘገባ የሚያነብ ሰው፣ ያኔ ከተነሡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዛሬም በየቢሮአችን እንደሚነሡ ያያል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1970፣ ዊንስተን ሮይስ ስለ ትልልቅ ሶፍትዌሮች ሥራ አመራር አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ዛሬ «ፏፏቴ» እያልን የምናስተምረው ሥዕል፣ ከመስፈርት ወደ ንድፍ፣ ከንድፍ ወደ ኮድ፣ ከኮድ ወደ ፍተሻ እየወረደ የሚሄደው፣ ከዚህ ጽሑፍ የተወሰደ ነው። «ፏፏቴ» የሚለው ቃል ግን በጽሑፉ ውስጥ የለም። ከዚያም በላይ፣ ሮይስ ሥዕሉን እንዳለ መከተል አደጋ እንዳለውና ውድቀትን እንደሚጋብዝ ጽፏል፤ ሥራው በመጀመሪያ በሙከራ መልክ፣ ቀጥሎም በእውነተኛው መልክ ሁለት ጊዜ እንዲሠራ፣ ደንበኛውም ከመጀመሪያው አንሥቶ እንዲሳተፍ መክሯል። ብዙ አንባቢ ሥዕሉን ወሰደ፤ ማስጠንቀቂያውን ተወ።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ልብ የሚስብ ግምት አለ። 5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የሃርድዌር መሣሪያ ለመግዛት 30 ገጽ ዝርዝር መግለጫ ሊበቃ ይችላል፤ በዚያው ገንዘብ ሶፍትዌር ለማሠራት ግን 1,500 ገጽ ያህል ያስፈልጋል ይላል። ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም። መሣሪያ በእጅ ይዳሰሳል፤ ሶፍትዌር ግን እስኪጻፍ ድረስ ከወረቀቱ በቀር ሌላ አካል የለውም። ይሁን እንጂ ከዚህ ግምት አንድ የተሳሳተ ትምህርት መውሰድ ይቻላል፤ ገጽ በበዛ ቁጥር መግባባት ይበዛል የሚል። የሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ይህ እንዳልሆነ አሳይተዋል።

ጥያቄውን የሚያስቀድም ሰነድ

በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ዴቪድ ፓርናስ፣ ካትሪን ሄኒንገርና ባልደረቦቻቸው ያልተለመደ ሥራ ጀመሩ። ኤ-7ኢ የተባለው የጦር አውሮፕላን ለበረራና ለመሣሪያ አጠቃቀም የሚያገለግል ሶፍትዌር ነበረው። ሶፍትዌሩ ይሠራል፤ ይበርራል። ነገር ግን አንዲት ነገር ለመለወጥ ከባድ ነበር። ስለዚህ እንደ አዲስ ሊጽፉት ተነሡ፤ ከዚያም በፊት ሶፍትዌሩ በትክክል ምን እንደሚያደርግ የሚገልጽ ሰነድ አዘጋጁ። ሰነዱ በ1978 ወጣ፤ ሄኒንገርም ዘዴውን የሚያብራራ ጽሑፍ በ1980 አሳተመች።

የዚህ ሰነድ ታላቅነት በሦስት ነገሮች ይገለጻል። አንደኛ፣ ከውጭ የሚታየውን ባሕርይ ብቻ ይናገራል፤ ፕሮግራም አድራጊው ሥራውን በምን መንገድ እንደሚፈጽም አይደነግግም። ሁለተኛ፣ በረጅም ዝርው ጽሑፍ ፋንታ ሠንጠረዥ ይጠቀማል። «በዚህ ሁኔታ ይህ ዋጋ፣ በዚያ ሁኔታ ያ ዋጋ» ተብሎ በሠንጠረዥ ሲጻፍ፣ የተረሳ ሁኔታ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። በዝርው ጽሑፍ ውስጥ ግን ያልተጻፈ ነገር ቦታ ስለሌለው አይታይም። ሦስተኛውና ለእኔ ዋነኛው፣ ጥያቄውን ከመልሱ ያስቀድማሉ። ስለ እያንዳንዱ ገቢና ወጪ መረጃ የሚጠየቀውን ሁሉ፣ መለኪያውን ጨምሮ፣ አስቀድመው በቅጽ አዘጋጁ፤ ከዚያ ቅጹን መሙላት ጀመሩ።

ከዚህም አልፈው፣ ወደፊት ሊለወጡ ይችላሉ ተብለው የሚጠበቁትን ነገሮች ለብቻ፣ ፈጽሞ አይለወጡም ተብለው የታሰቡትን መሠረታዊ ግምቶች ደግሞ ለብቻ መዘገቡ። የእኛ የቀጠሮ ሰነድ እንዲህ ያለ ቅጽ ቢኖረው ኖሮ፣ «ሰዓት» ከሚለው ቃል አጠገብ «በየትኛው አቆጣጠር?» የሚል ባዶ ቦታ በቀረ፣ ባዶውም ቦታ አንዳችንን በጠየቀ ነበር።

የተወረሰው ኮድ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ስለ ሰነድ የሚናገር ሰው ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ሳይጠቅስ አያልፍም። እኔ ግን ዛሬ ሁለተኛውን ቃል በጥንቃቄ እንድትመለከቱት እፈልጋለሁ። የተጻፈ ነገር ይወረሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሲወረስ ምክንያቱ አብሮት ካልተጻፈ፣ ወራሹ የማያውቀውን ዕዳ ይቀበላል።

ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረንሳይ ጉያና ተወነጨፈ። ክላስተር ለተባለ የምርምር ፕሮግራም የታሰቡ አራት ሳተላይቶችን ተሸክሞ ነበር። ዋናው ሞተር የማቀጣጠሉ ሂደት ከተጀመረ ከ37 ሰከንድ ያህል በኋላ አቅጣጫውን ስቶ በአየር ላይ ተሰባብሮ ፈነዳ። በሒሳብ ሊቁ በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው የመርማሪ ቦርድ በሐምሌ ወር ዘገባውን አወጣ። የሮኬቱን አቋምና እንቅስቃሴ የሚለካው መሣሪያ ሶፍትዌር ከቀድሞው ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር። በውስጡም ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ አንድ ቁጥር፣ ከ32,767 በላይ መያዝ ወደማይችል ባለ 16 ቢት ቦታ ይገለበጥ ነበር። በአሪያን 4 ጉዞ ቁጥሩ ከዚያ መጠን አይደርስም። የአሪያን 5 የአግድም ፍጥነት ግን ከአሪያን 4 አምስት እጥፍ በፈጠነ ሁኔታ ያድጋል። ቁጥሩ ሞልቶ ፈሰሰ፤ መሣሪያው ሥራውን አቆመ። መጠባበቂያው መሣሪያም ያንኑ ሶፍትዌር የያዘ ስለ ነበር፣ ከዋናው በጥቂት ሚሊሰከንዶች ቀድሞ በዚያው ምክንያት ቆሞ ነበር።

የዘገባው ዋና ትምህርት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ለመሙላት አደጋ ከተጋለጡ ሰባት ቁጥሮች አራቱ መከላከያ ተደርጎላቸዋል፤ ሦስቱ ሆን ተብሎ ያለ መከላከያ ተትተዋል። የኮምፒውተሩ የሥራ ጫና ከ80 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኖ ስለ ነበር፣ ሦስቱ ከገደባቸው አያልፉም ተብሎ ታሰበ። ውሳኔው በጊዜው ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ምክንያቱ በኮዱ ውስጥ አልተጻፈም፤ ከሰነዶቹም ብዛት የተነሣ ከውጭ ገምጋሚዎች ዓይን ተሰውሮ ቀረ። የአሪያን 5 የጉዞ መረጃም በመሣሪያው መስፈርት ውስጥ እንዳይካተት በጋራ ስምምነት ተወስኖ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ያን ቁጥር የሚያሰላው የፕሮግራሙ ክፍል ሮኬቱ ከመሬት ከተነሣ በኋላ ለአሪያን 5 ምንም ጥቅም አልነበረውም። የአሪያን 4 መስፈርት ስለሚጠይቀው ብቻ ሲሠራ ቆየ።

እንግዲህ ሰነድ አልጠፋም፤ ሰነድ በዝቶ ነበር። የጠፋው «ይህ ትክክል የሚሆነው እነዚህ ነገሮች እስካልተለወጡ ድረስ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

የተጻፈው ያልተነበበበት ጊዜ

ፍትሐዊ ለመሆን ተቃራኒውንም ምሳሌ ማንሣት አለብኝ። ናሳ በታኅሣሥ 1998 ወደ ማርስ የላከው የአየር ንብረት ተመልካች መንኮራኩር፣ በመስከረም 23 ቀን 1999 ፕላኔቷን ሊዞር ሲቃረብ ጠፋ። ከማርስ ገጽ በላይ 226 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያልፋል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ በኋላ ሲሰላ ግን እስከ 57 ኪሎ ሜትር ድረስ እንደ ወረደ ታወቀ። ምክንያቱ የመስፈሪያ ጉዳይ ነው። በምድር ላይ ያለው አንዱ ሶፍትዌር የትናንሾቹን ሞተሮች ግፊት በእንግሊዝ መለኪያ፣ በፓውንድ፣ ይጽፋል፤ ተቀባዩ ሶፍትዌር በሜትሪክ መለኪያ፣ በኒውተን፣ የተጻፈ መስሎት ያነባል። አንድ ፓውንድ ኃይል 4.45 ኒውተን ያህል ነው።

እዚህ ላይ መለኪያው ሳይጻፍ አልቀረም። የሁለቱን ሶፍትዌሮች ግንኙነት የሚደነግገው ሰነድ መለኪያው ሜትሪክ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ተጽፏል፤ ነገር ግን አልተፈጸመም፤ መፈጸሙንም በፍተሻ ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። ስለዚህ መጻፍ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እያንዳንዱ የተጻፈ ቃል በምን እንደሚፈተሽ መወሰን ነው። በ1984 ወጥቶ በ1998 የተሻሻለው የአይ ኢ ኢ ኢ 830 መመሪያ ለጥሩ የመስፈርት ሰነድ ስምንት ባሕርያትን ሲዘረዝር፣ ሊረጋገጥ የሚችል መሆንን አንዱ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ ፊደል፣ በእኛ ሰዓት

በዚያው በ1999 መንኮራኩሩ ሲጠፋ፣ ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ስምምነት ደግሞ ተጻፈ። የዩኒኮድ ሦስተኛው እትም የግእዝን ፊደል 345 ምልክቶች በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ሁሉም «ሀ»ን ይጽፋል፤ የ«ሀ» ቁጥር ግን እንደየገበያው ቁና ነበር። ዩኒኮድ የሰጠን አንድ የጋራ መስፈሪያ ነው።

ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ ሁሉንም አልመለሰም። ዛሬ በአገራችን የመስፈርት ሰነድ የሚጽፍ ተማሪ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፤ ከውጭ በተቀዳ ቅጽ ውስጥ ግን አይገኙም። ቀኑ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር ይመዘገባል? ወርኃዊ ሒሳብ ሲዘጋ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ነው ወይስ ለብቻው? አምስት ቀን ሲሆንና ስድስት ቀን ሲሆንስ? «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን የሰውየውን የአባት ስም ይቀበላል ወይስ የአያቱን? «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ሴት «ጸሀይ» ተብሎ ስሟ ሲፈለግ ትገኛለች? እነዚህ ጥያቄዎች ለሕዝባችን ከጥያቄ አይቆጠሩም፤ መልሳቸው ግልጽ ነው። አደገኛነታቸውም ከዚሁ ግልጽነታቸው የሚመጣ ነው።

ጥራዝ ወይስ ካርድ

በየካቲት 2001 አሥራ ሰባት ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት ተሰብስበው አጃይል ተብሎ የሚታወቀውን የአቋም መግለጫ አወጡ። ከተሟላ ሰነድ ይልቅ ለሚሠራ ሶፍትዌር ቅድሚያ እንሰጣለን አሉ። ብዙ ተማሪዎቼ ይህን ጠቅሰው ሰነድ መጻፍ ያለፈበት ነገር ነው ብለው ይከራከሩኛል። መግለጫው ግን ሰነድ ዋጋ የለውም አላለም፤ ዋጋ እንዳለው ተናግሮ ቅደም ተከተሉን ነው የወሰነው። በትንሽ ካርድ ላይ የሚጻፈው የተጠቃሚ ታሪክም ሙሉ መስፈርት ሊሆን አልታሰበም፤ ውይይቱን የሚያስታውስ ምልክት ነው።

ለዚህ ሐሳብ ከልቤ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን ውይይት ተወያዮቹን ይፈልጋል። ፕሮጀክቱን ያዘዘው ኃላፊ ሲዛወር፣ ኮዱን የጻፈው ወጣት የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ ካርዱ የማንን ቃል ያስታውሳል? የሚቀረው የተጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ክርክሩ በጥራዝና በካርድ መካከል መሆን የለበትም ባይ ነኝ። ጥያቄው የምንጽፈው በቃል ሊረሳ የሚችለውን ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው።

ንግግሬን ወደ ጀመርኩበት ልመልሰው። የቀጠሮውን ወረቀት ለማስተካከል የፈጀብን ከአንድ ቀን ያነሰ ጊዜ ነበር። ከ«9:00» ፈንታ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ እንዲያትም አደረግን፤ በሰነዱም ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርን። እኚያ እናት ሦስት ሳምንት ቆይተው መጡ፤ ታከሙም። ከእርሳቸው በፊት ስንት ሰው በተሳሳተ ሰዓት መጥቶ ምንም ሳይናገር እንደ ተመለሰ ግን ልናውቅ አልቻልንም። ሰነዳችንም ሆነ ኮምፒውተራችን የቀረውን ሰው «ቀረ» ብሎ ከመመዝገብ በቀር ሌላ ነገር እንዲመዘግብ አልታዘዘም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማማክራቸውን ተማሪዎች ሁሉ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። በእያንዳንዱ የመስፈርት ሰነድ መጨረሻ አንድ ገጽ ይተዉ፤ በላዩም «ግልጽ ነው ብለን ያለፍነው» ብለው ይጻፉ። ከዚያ ሰነዱን ይዘው፣ ከፈረመው ኃላፊ አልፈው፣ በመስኮቱ በኩል ሕዝቡን ወደሚያስተናግደው ሠራተኛ፣ ከተቻለም ከመስኮቱ ማዶ ወደቆመው ሰው ዘንድ ይሂዱ። ያቺ ገጽ የምትሞላው እዚያ ነው። በመከላከያ ፈተና ላይ ስቀመጥ አስቀድሜ የምገልጠው ይህችኑ ገጽ ነው፤ ባዶ ሆና ካገኘኋት ጥያቄዬን ከዚያ እጀምራለሁ።